ፊርዶስ ያልጎረሰችው በርገር
ውድ ሸዋረገጥ፣

ጅማ ላይ አንገቴን የሚያስደፋ ነገር ሠራሁ። የልጄ ጎረቤት ፊርዶስ ምግብ ቤት ወስዳ ትልቅ በርገር ጋበዘችኝ። በሹካና በቢላዋ ቆራርጬ ስበላ፣ እሷ የድንች ጥብስ ብቻ ትለቅማለች። «ጋባዥ እየጾመ እንግዳ አይበላም!» ብዬ ተቆጣኋትና ጉርሻ ወደ አፏ አስጠጋሁ።

እጄን ቀስ ብላ ይዛ፣ «እትዬ ትርንጎ፣ ሥጋው እኮ የክርስቲያን ነው። እርስዎ እንዳይቸገሩ ብዬ ነው እዚህ ያመጣሁዎት» አለችኝ።

ደብረ ብርሃን በየድግሱ የሙስሊም እንግዶችን ገበታ ለይቼ የማሰናዳው እኔ፣ እዚህ መጠየቅ እንኳ ረሳሁ። ጉርሻውን ራሴ ጎረስኩት።

ነገ ጋባዧ እኔ ነኝ። የክርስቲያን፣ የሙስሊም የማይባልለትን ዓሣ አዝዤ አብረን እንበላለን።

ፖስት ካርዱ ሞልቶ ይህችን ጠርዙ ላይ ነው የጻፍኳት፤ ባለቤትሽን ጋሽ ተክለጻድቅን ሳሚልኝ።

ትርንጎ