ስምዎ በፈረንጅ አፍ

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለአባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ጉልበትዎ፣ ከብቱስ እንዴት ነው? ሰላምታ የእግዜር ነውና አልነፍግዎትም። እናቴ የአንኮበርን ብርድ ተቋቁማ አለች። እኔም ንዴቴን ካልቆጠርነው ደኅና ነኝ።

የላኩት ወረቀት ደርሶኛል። «ስሜን በፈረንጅ አገር አስጠራሽልኝ፤ ያሳደግኋት ልጅ ይኸው ለወግ በቃች፤ መጽሐፉን ላኪልኝና ለሰንበቴ ማኅበርተኞቼ ላሳያቸው» ይላሉ። «ያሳደግኋት» የምትለዋን ደጋግሜ አነበብኳት። ያሳደገኝ አጎቴ መሪጌታ ኪዳነወልድ ነው። ጫማ የገዛልኝ እሱ፣ በክረምት ጭቃ ትምህርት ቤት የሸኘኝ እሱ። እርስዎ ደነባ ሌላ ትዳር ይዘው ልጅ ሲድሩ፣ ያቺ ልጅ ሞተች ወይ ብለው እንኳ አልጠየቁም። እንዴት እጅዎ እሺ ብሎ ጻፈው?

ስምዎ እዚያ እንዴት እንደደረሰ ልንገርዎት። እዚህ መጠለያ ውስጥ ከወለጋ ተፈናቅለው ከመጡ ልጆች ጋር እሠራለሁ። የደረሰባቸውን ነገር አልጠይቃቸውም። ከድሮ ቤታችሁ ደጃፍ ተነሥታችሁ እስከ ወንዙ፣ እስከ ገበያው በቃል ምሩኝ እላቸዋለሁ። ልጁ እየመራኝ ሄዶ ሄዶ ድንገት ዝም የሚልበት ቦታ አለ። ቁስሉ እዚያ ነው። ይህን በእንግሊዝኛ ጽፌ አሳተምኩ። የፈረንጅ ምሁራን ደግሞ አንድ የሥነ ልቦና ሰው አዲስ ነገር ሲያመጣ ነገሩን በሰውዬው የቤተሰብ ስም ይጠሩታል። እኛ አገር የቤተሰብ ስም የለም፣ ሁለተኛው የአባቴ ነው ብል ማን ሰምቶኝ? ምስራቅ የሚለው ስሜ ተቆርጦ ቀረና ሥራዬ «ፈንታሁን» ተባለ። አምና ናይሮቢ ለስብሰባ ሄጄ፣ «ለልጆቹ ፈንታሁንን ሠራንላቸው» እያሉ ፊቴ ሲያወሩ ምሳዬን ትቼ ተነሣሁ። የደከምኩት እኔ፣ የተጠሩት እርስዎ። ሳይዘሩ ማጨድ ማለት ይኸው ነው።

ሥራውን ለሌሎች ሳስተምር አንድ ደንብ አለን። አስተማሪው አስቀድሞ በራሱ ላይ ይሞክረዋል። እኔ ጫጫ ከነበረው ቤታችን ደጃፍ እነሣለሁ፣ ወፍጮ ቤቱን አልፋለሁ፣ አስፋልቱ ዳር እደርሳለሁ። «ዳቦ ገዝቼ ልምጣ፣ ከዚህ እንዳትነቃነቂ» ብለውኝ ሚኒባስ ላይ የወጡበት ቦታ ስደርስ አፌ ይያዛል። ሠልጣኞቼ ፊት ሁልጊዜ እዚያው እቀራለሁ። ተምሬም፣ አስተምሬም አላለፍኩትም።

አሁን መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነው። አሳታሚዎቹ የሥራውን ስም መቀየር ከፈለግሽ ጊዜው አሁን ነው ብለው ጻፉልኝ። ደስ ብሎኝ እየከነፍኩ አንኮበር ሄድኩና እናቴን፣ «ባንቺ ስም ይጠራ፣ አልታየች ይባል» አልኳት። ጥጥ እየፈተለች ነበር። ለመሆኑ ይኼ ሥራሽ ምኑን ነው የሚያገኘው አለችኝ። ልጆች የተሰበሩበትን ቦታ ነው አልኳት። እንዝርቷን አስቀመጠች። «ታዲያ የኔን ስም ምን ሊያደርግ እዚያ ይገባል? የሰባሪው ስም ተጽፎበት የለም ወይ፤ ተዪው» አለችኝ።

ስለዚህ አላስቀየርኩትም። መጽሐፉን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ። ማኅበርተኞችዎ እዚያ «ፈንታሁን» ማለት ምን እንደሆነ ከጠየቁዎት እርስዎው ይንገሯቸው።

እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥዎ፣ ለንስሐ የሚበቃ ያድርግልዎ።

የአልታየች ልጅ