መቆንጠጥ ክልክል ነው

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11 ቀን

ለምወድሽ ልጄ፣ ለልጄ ሚስት፤

እንደምን ሰነበትሽ? በሰው አገር የሰው ልጅ እያሳደግሽ ብቻሽን ሐዘን ተቀምጠሻልና ፈጣሪ ያጽናሽ። እኛ ቆመን እንሄዳለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም።

ባለፈው ስትደውዪ የጠየቅሽውን በስልክ ልመልስልሽ አልቻልኩም፤ ልጆቹ አጠገቤ ነበሩ። ስለዚህ ቀስ እያልኩ እጽፍልሻለሁ። አንብበሽ ሳትጨርሺ አትፍረጂብኝ።

መርዶው የደረሰኝ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። ላውንደሪ ቤቱ ውስጥ የሆቴል አንሶላ እተኩሳለሁ። የግንድ መኪናው በራችን ላይ ቆመና ሾፌሩ ገባ። አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ከደኑ ግንድ እየጫነ የሚወርደው ወፍራሙ ሰውዬ ነው። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ።

"ምንድን ነው የሰጠኸው፣ ሸሚዝ ነው ሱሪ?" አልኩት።

"እናቴ፣ መጀመሪያ ካውያውን ያስቀምጡት።"

"አንተ መጀመሪያ ደረሰኝህን አምጣ።"

"ደረሰኝ የለኝም፣ እናቴ" አለና እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመረ። እኔ ሞኟ ደግሞ "ኧረ ለሸሚዝ አይለቀስም፣ ፈልገን እናገኘዋለን!" እላለሁ። ይኸው፣ የልጄን ሞት የተቀበልኩት እንዲህ ብዬ ነው።

ድንቹ በመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ ባይጮህ ኖሮ ያ ሰው እስካሁንም የሚነግረኝ አይመስለኝም።

"እማማ! አባዬ እስካሁን አልሳቀም እኮ! ድስቱን ማነው የሚያጥበው?"

ሻለቃ ከጎኑ ተቀምጦ ወደ ፊት ያይ ነበር። ካውያው አንሶላው ላይ ቆሞ ቀረ፤ ሽታው አሁንም ከአፍንጫዬ አልወጣም።

ድንቹ የምልሽ ትንሹ ልጅሽ ነው። ስትሄጂ ገና ይድህ ነበር፤ አሁን አምስት ዓመቱ ነው፣ ክብ ነው፣ የትም ብትጥዪው ይበቅላል። ሻለቃ ትልቁ ነው። ስምንት ዓመት ሳይሞላው ሰው ማዘዝ ስለጀመረ ማዕረጉን አባቱ ሰጠው። በስማቸው ብትጠሪያቸው ወዲያው አይዞሩልሽም። ይህን ስጽፍ ልቤ ክፉ ነው፤ ልሰርዘው ነበር፣ ተውኩት።

ልጄ የደን ጠባቂ ሆኖ እዚያ የእሳት መጠበቂያ ማማ ሥር ባለችው የጣውላ ቤት እንዴት እንደኖረ ግማሹን ነግሮሻል፣ ግማሹን ደብቆሻል። "ሁለት ወንድ ልጅ ጫካ ውስጥ ብቻህን እንዴት ታሳድጋለህ?" ስለው፣ "ከዛፍ ይቀላል እማዬ፣ ልጅ ቢያንስ ሲጠማው ይጮኻል" ይለኝ ነበር። ገላቸውን የሚያጥባቸው በበርሜል ነው። መጀመሪያ ድንቹ ይገባል፣ ቀጥሎ ሻለቃ፣ በዚያው ውኃ መጨረሻ ላይ የእሱ ካልሲ። ሻለቃ "ድንቹ ያቆሸሸውን ውኃ ለምን ለእኔ?" ብሎ ሲከስ፣ "ዝም በል፣ ካልሲዬ እንኳ አልተናገረም" ይለዋል።

የቀዩን ቁምጣ ነገር ሰምተሻል? ማማው ላይ ቀይ ጨርቅ ከተሰቀለ እሳት ተነሥቷል ማለት ነው። ልጄ የድንቹን ቀይ ቁምጣ አጥቦ፣ ቶሎ ይድረቅልኝ ብሎ፣ ማማው አናት ላይ አሰጣው። የደኑ ኃላፊ መኪና ሙሉ ሰው፣ አካፋና መጥረቢያ ጭኖ እየበረረ ደረሰ። "እሳቱ የታል?" ይላል። ልጄ ድንቹን ከነራቁት ቂጡ ብድግ አድርጎ "ይኸው ጌታዬ፣ ባለእሳቱ" አለው። ኃላፊው ሊቆጣ የከፈተውን አፉን በሳቅ ዘጋው። ልጄ ሰውን ከቁጣው ላይ አንሥቶ ሳቅ ላይ ያስቀምጥ ነበር። ሌላ ሀብት አልነበረውም። ይህኛውም ባይኖረው ምን ነበረበት እላለሁ አሁን።

ምክንያቱም ያቺን ጨዋታ ያመጣው እሱ ነው። "ሬሳ ሬሳ" ይሏታል። አንዱ ሣር ላይ ይወድቅና ይሞታል፣ ሌሎቹ ያስቁታል። አፍንጫው ውስጥ ሣር ማስገባት ይቻላል፣ እንደ አህያ መጮህ ይቻላል፣ ጆሮው ላይ መዝፈን ይቻላል። ሬሳው ከሳቀ ድስት ያጥባል፤ ካልሳቀ የሚያጥቡት እነሱ ናቸው። ሁለት ነገር ብቻ ክልክል ነው፣ ውኃ ማፍሰስና መቆንጠጥ። አንድ ጊዜ ሻለቃ የአባቱን ክንድ ቆንጥጦ አጥቁሮበት ነበርና ያን ቀን ነው ደንቡ የወጣው። "ጨዋ ሰው ሬሳ አይቆነጥጥም" ብሎ አስማላቸው። ልጆቹም ማሉ።

"በሞት አይቀለድም፣ ተው" ብዬው ነበር።

"እሱ ነው የሚቀልድብን እማዬ፣ እኔ መልሱን ነው የምሰጠው።"

ተሸንፎ አያውቅም። የድንቹ የቆሸሸ እግር አፉ ላይ ሲያርፍ እንኳ ንቅንቅ አይልም። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጠው ድስቱን ይዘው ሲሄዱ ብድግ ይልና "ሙት ድስት አያጥብም!" ብሎ ይጮኻል።

አንቺም ታውቂያታለሽ። በስልክ ስታወሩ በመሀል ዝም ብሎሽ፣ "ሃሎ! ሃሎ! ምን ሆንክብኝ?" እያልሽ ስትጮኺ፣ ልጆቹ ከኋላው በሳቅ ሲፈነዱ እዚያው ነበርኩ። "አንተ ጅል!" ብለሽ ስቀሻል። ያን ሳቅሽን አልረሳሁትም፤ እንድታስታውሽው ነው የምነግርሽ።

የሞተ ቀን እንጨት ሲፈልጥ ቆየ። መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ተከለና ደረቱን ይዞ ሣሩ ላይ ተኛ። "ሻለቃ" ብሎ ጠራ፤ ሌላ አልጨመረም። ሁልጊዜም ጨዋታውን ሲጀምር ደረቱን ይዞ፣ አንዱን ልጅ ጠርቶ ነው የሚወድቀው። ልጆቹ እየሳቁ ሮጡ።

የቀረውን የነገረኝ ድንቹ ነው። እሱ ሁሉን ይናገራል፤ እስከ ቀብሩ ቀን ድረስ አባቱ እንዳሸነፈ ነበር የሚያወራው። አፍንጫው ውስጥ ሣር ከተቱ። ሻለቃ የኃላፊውን አረማመድ እያሳየ ዙሪያውን ዞረ። ድንቹ ሆዱ ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ሲደክማቸው ዳቦ በሉ፤ ድርሻውንም ደረቱ ላይ አስቀመጡለት። "ርቦት ይነሣል ብለን" አለኝ። ግንድ ጫኙ መኪና ከሥር ባለው መንገድ ሲያልፍ እጃቸውን አውለበለቡ።

ይህችን ነገር አጥብቀሽ ያዢያት። ሾፌሩ አይቷቸዋል። አባትየው ተጋድሟል፣ ልጆቹ ዙሪያውን ይዘላሉ። ጥሩምባውን ነፋላቸውና እየሳቀ አለፈ። የጎለመሰ፣ አራት ልጅ ያለው ሰው ነው። ሲመለስ ግን ያው ሰውዬ በዚያው ጎኑ ተኝቷል፣ ዳቦው ላይ ጉንዳን ወጥቷል። መኪናውን አቁሞ ሲወጣ ሻለቃ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ "ቀስ በል፣ ሊስቅ ነው" አለው። ሰውዬው ይህን ሲነግረኝ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር።

ትልቁ ሰው እንዲህ ተታልሏል። አንቺ ግን ደውለሽ ልጁን "አንተ ትልቅ አይደለህም ወይ? ምነው ሰው አልጠራህም?" አልሽው። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በቀስታ አስቀምጦ ወጣ። አንቺ መስመሩ የተቋረጠ መስሎሽ ይሆናል።

ከዚያ በፊት በቀብሩ ቀንም አልዳነም። አፈር ሲመለስ ድንቹ ከእጄ አመለጠና "ዝም በሉ! ሳቁን ይዞት ነው!" ብሎ ጮኸ። ከሰዉ መሀል ሁለት ሦስት ሰው አፉን በመሐረብ ያዘ። ማልቀስ አልነበረም፣ ልጄ፤ ሳቅ ነው ያመለጣቸው። ሻለቃ ዞሮ አያቸው፣ ከዚያ ታናሽ ወንድሙን አፉን በቡጢ መታው። ድንቹ ሙት ማለት ምን እንደሆነ የገባው ያኔ ነው፤ ከንፈሩ ደምቶ፣ አፈሩን እያየ።

ጎረቤታችን፣ ባለ ወፍጮዋ፣ ልታጽናናኝ መጣች። ተቀምጣ፣ ተነፋርቃ ስታበቃ ልጆቹ ፊት "ለመሆኑ ሲስቁ ነው አሉ የሞተው፣ እውነት ነው እንዴ?" አለችኝ። "አንቺስ ባልሽ ሲሞት አልቅሰሽ ነበር እንዴ?" አልኳት። ዳግመኛ አልመጣችም። እህላችንን ሌላ ቦታ እናስፈጫለን።

ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩን ሰምተዋል። በእረፍት ሰዓት ልጆቹ ሻለቃ ፊት እየተዘረሩ "አስቀን! አስቀን!" ይሉታል። አንዱ ዓይኑን ጨፍኖ አልነሣም ሲለው ሻለቃ ጮኾ ግቢውን ሁሉ ጠራ። መምህሯ ሮጣ መጥታ "ምን ሆንክ፣ ጨዋታ ነው እኮ" ብትለው፣ "ያኛውም ጨዋታ ነበር" አላት። አመሻሹ ላይ ቤቴ ድረስ መጥታ ነገረችኝ፤ እሷም ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

አሁን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ድንቹ እንቅልፍ ሲወስደው ሻለቃ አጠገቡ ይቀመጣል። ልጁ ትንሽ ጸጥ ካለ ይቆነጥጠዋል። ድንቹ እየጮኸ ይነሣል፣ አልቅሶ ይተኛል፣ እንደገና ይቆነጥጠዋል። ገላውን ሳጥበው ክንዱና ጭኑ ጠቁሮ አገኘሁት። እኔንም ወንበር ላይ ሸለብ ሲያደርገኝ ቆንጥጦኛል፤ ጣቱ የፒንሳ ያህል ነው። ተቆጥቼ እጁን ስይዘው ምን አለኝ መሰለሽ?

"እማማ፣ ያኔ ብቆነጥጠው ኖሮ ይነቃ ነበር። ደንቡን ስላከበርኩ ነው።"

ስምንት ዓመቱ ነው፣ ልጄ። ቃሉን ጠብቆ አባቱን የገደለ ይመስለዋል። ቆንጥጦ ነው አሁን ሁላችንንም በሕይወት የሚያቆየን። አይበላም ማለት ይቻላል፤ አይተኛም። እንዲህ ከቀጠለ ሌላ መርዶ ልጽፍልሽ ነው፣ ያን ደግሞ እጄ እሺ አይለኝም።

ስለዚህ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። የፊታችን እሑድ ደውዪ። እኔን አታናግሪኝ፣ እሱን አስጠሪው። "አባትህ የሞተው እንደወደቀ ነው። አንተ ሮጠህ ሳትደርስ ሞቷል። ብትቆነጥጠውም፣ ብትጮህም፣ ሰው ብትጠራም ያው ነበር። ሬሳውን ያየው ሐኪም ለእኔም ነግሮኛል" በይው። ልክ እንደዚህ፣ ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ። እኔ ነግሬዋለሁ፤ "አንቺ ሁልጊዜ ታባብይኛለሽ" አለኝ። አንቺ ግን ተቆጥተሽዋል። የተቆጣ ሰው አያባብልም ብሎ ያስባልና አንቺን ያምናል። ያ ቁጣሽ ለዚህ ይጥቀመን። በደንብ በልተሽ፣ ውኃ ጠጥተሽ ደውዪ፤ ድምፅሽ እንዳይንቀጠቀጥ።

ሐኪሙ ጋ ግን እንዳትደውዪ። ሥራ ይበዛበታል፣ ከንቱ ማስቸገር ነው። ሾፌሩንም ያን ቀን መጀመሪያ ሲያልፍ ስንት ሰዓት እንደነበር አትጠይቂው። ምስኪን ሰው ነው፤ እንደ ወትሮው አይደለም፣ በዚያ መንገድ ማለፍም አቁሟል።

በዚህ ወረቀት ላይ ክፉ ቃል ጽፌብሻለሁ። ከልጄ ቀጥሎ የምወደው ሰው አንቺ ስለሆንሽ ነው፤ ሌላ የምጽፍለት የለኝም። ፈጣሪ እጅሽን ይባርክ፣ የሰው ልጅ የምታቅፊበትን እጅ መልሶ ለራስሽ ልጆች ያድርግልሽ። በሰላም ያግባሽ። ደክሞሽ ስትተኚ የሚሰማሽ ሰው አያሳጣሽ።

ይህን ደብዳቤ ያነበባችሁ ሁሉ፣ አንቺም፣ ስታለቅሺ አይታ ምን ሆንሽ የምትልሽ የሥራ ባልደረባ ካለችም እሷም፣ ለልጄ ጸልዩለት። ማንንም ያላስቀየመ፣ ደሃ፣ ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ወድቆ ሳይነሣ የቀረው ያን ቀን ብቻ ነው። ለእኔ የሚጸልይ ካለ ይቆይ፤ ልጁ እስኪያምን የእኔ ይደር። ለእሱ ግን አሁኑኑ፣ ወረቀቱን ሳታጥፉት፣ ነፍሱን ይማር በሉልኝ።

እናትሽ፣ የባልሽ እናት