ሁለተኛዋ ጆሮ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 11 ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

አንድዬ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? ባልሽስ፣ ያ አንገቱን የሚደፋው፣ ደህና ነው? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስል ደግሞ እንደ ድሮው ለወጉ ያህል እንዳይመስልሽ። መድኃኒቴን በሰዓቱ እውጣለሁ፣ እንቅልፌም ጥሩ ነው፣ ክብደቴ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል። ዶክተሯ «ትንሽ ይራመዱ እንጂ» ትለኛለች። እሷ ራሷ ሁለተኛ ፎቅ የምትወጣው በአሳንሰር ነው።

ደብዳቤሽ ደርሶኝ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ስልክ ላይ ስለ ብርዱና ስለ ሙቀቱ ብቻ ስናወራ ለኖርን ሰዎች ይህን ያህል መጻፍሽ ገርሞኛል። ልጅ ለመውለድ እያሰባችሁ እንደሆነ፣ የእኔ ሕመም በደም ይወርድ እንደሆነ እንደፈራሽ፣ እዚያ ያለው ሐኪም ወላጃቸው ስኪዞፍሬንያ ካለበት ልጆች ከአሥሩ አንዱን ያህል ሊይዘው ይችላል እንዳለሽ፣ ሁሉንም ጽፈሽልኛል። መጨረሻ ላይ ደግሞ እስክሪብቶሽን ጫን አድርገሽ «እማ፣ እንደምትታመሚ ብታውቂ ኖሮ ትወልጂኝ ነበር?» ብለሻል።

ባልሽም ባለፈው እሑድ ደውሎልኝ ነበር፤ እንዳትቆጪው። ሦስት ጊዜ ጉሮሮውን ከጠራረገ በኋላ «እማዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ የጀመርዎት በስንት ዓመትዎ ነው?» አለኝ። «በሃያ ስድስቴ፤ ልጅቷ አራት ዓመቷ ነበር» አልኩት። «በእሷ ላይስ በልጅነቷ ያዩት ነገር አለ?» ሲለኝ ግን፣ ምድጃ ላይ የጣድኩት አለ ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ምድጃው ላይ አንዳች ነገር አልነበረም። ያለው ሆዴ ውስጥ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሆነው። ዛሬ ላወጣው ነው የተቀመጥኩት።

ማተሚያ ቤት እሠራ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ ምን እሠራ እንደነበር ግን በደንብ የነገርኩሽ አይመስለኝም። እርማት ክፍል ነበርኩ። አንድ መስኮት፣ ሁለት ወንበርና አንድ የብረት ቁም ሳጥን ያለው ጠባብ ክፍል ነው። የምንሠራው ለሁለት ነው። አንዷ የደራሲውን ጽሑፍ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ሌላዋ ለእርማት የወጣውን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች ትሰማለች። ነጥብና ሰረዙ ሳይቀር ይነበባል። አንድ ሰው ብቻ ያየው ወረቀት ወደ ማሽን አይሄድም፤ ሕጉ ነው። «ዓይን ያታልላል፣ ሁለተኛ ጆሮ ያስፈልጋል» ትል ነበር አብራኝ የምትሠራው ሴትዮ። መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ እኛ «አዛዥ» የምንላት።

አንድ ቀን እኔ ሳነብ ሌላ ሰው አብሮኝ ማንበብ ጀመረ። የወንድ ድምፅ ነው፣ ከቁም ሳጥኑ በኩል። መጀመሪያ ከኋላዬ ነበር የሚከተለኝ፤ በሳምንቱ ቀደመኝ። ገና ያልደረስኩበትን ቃል ይለዋል፣ እደርስበታለሁ፣ ልክ ነው። «ማነው የሚያነበው?» አልኳት አዛዥን። «አንቺ ነሽ እንጂ ማን ሊሆን ነው፣ አንቺ ሞኝ!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ እሷን አልጠየቅኋትም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ግቢው ሁሉ ስለ እኔ ሲያንሾካሹክ የሰማሁት በመጨረሻ ነው። ያልተባለውን ግን አንድ ሳይቀር እሰማ ነበር።

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጭነት መኪናውን ይዞ ከወጣ አሥር፣ አሥራ አምስት ቀን አይመለስም። ቤት ያለነው አንቺና እኔ ነን። እንግዲህ ጥፋቴን ልንገርሽ። ቤቴን እንደ ሥራዬ አደረግሁት፤ አንቺን ሁለተኛ ጆሮ አደረግሁሽ። «ስሚ እስቲ፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ?» እልሻለሁ። አንገትሽን ዘንበል አድርገሽ፣ አፍሽን ከፍተሽ ታዳምጫለሽ። «የለም እማ።» «እርግጠኛ ነሽ?» «እርግጠኛ ነኝ።» ያን ጊዜ ትንፋሼ ይመለሳል። የአራት ዓመት ልጅ! ሌላዋ እናት ልጇን ውኃ አምጪልኝ ብላ ትልካለች፤ እኔ እውነቱን አምጪልኝ ብዬ ነበር የምልክሽ።

ሥራሽን ትወጂው እንደነበር አልክድም። ቆጣሪ የሚያነበውን ሰውዬ ታስታውሺዋለሽ? በሩን አንኳኳና «ቆጣሪ!» አለ። እኔ ያ የቁም ሳጥኑ ሰውዬ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ደግሞ አንኳኳ፤ አሁንም ዝም። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሽው መሰለኝ፣ እጁን ይዘሽ አስገባሽውና «እማ፣ ይሄኛው የእውነት ሰው ነው፤ ጫማው ጭቃ ነው» አልሽኝ። ሰውየውም «ተመስገን፣ እኔ ራሴ መጠራጠር ጀምሬ ነበር» አለ። ሆዳችንን እስኪያመን ነበር የሳቅነው። ዛሬም ሳስበው ሳቄ ይመጣል፣ ከዚያ መሃል ላይ ይቆረጥብኛል።

ምክንያቱም ያቺ ቀን ትመጣብኛለች። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖሻል። ክረምት ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ይቀጠቅጠዋል። ቤቱ ስለጨለመ መብራት አብርተናል። አባትሽ መንገድ ላይ ነው፣ እኔ ሦስት ቀን እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። የቁም ሳጥኑ ሰውዬ ከማንበብ አልፎ ማዘዝ ጀምሮ ነበር። ያን ቀን የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «መብራቱን አጥፊ፣ ያዩሻል።» ስንት ጊዜ እንደጠየቅሁሽ አላውቅም። ሃያ? ሠላሳ? «የለም እማ።» «የለም እማ።» በኋላ ድምፅሽ ራሱ ደከመ። እኔ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። መጣሽና ፊቴን በሁለት እጅሽ ያዝሽው።

«አዎ እማ። እኔም ሰማሁት» አልሽኝ።

«ምን አለ?»

«መብራቱን አጥፊ አለ።»

ወንበር ጎትተሽ፣ ላዩ ላይ ወጥተሽ አጠፋሽው።

ያንን ቃል እኔ ነግሬሽ አላውቅም። ምናልባት ሳላውቀው ከአፌ አምልጦኛል። ምናልባት ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አይተሻል፤ ከዓይንሽ የሚያመልጥ ነገር አልነበረም። ምናልባት። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የማድረው በዚህ ምናልባት ላይ ነው።

ሲመሻሽ አባትሽ ገባና ጨለማ ውስጥ ተቃቅፈን አገኘን። ሐኪም ቤት እንሂድ እያለኝ ወራት ስታገለው የነበርኩት ሴት፣ ያን ቀን ጫማዬን ራሴ አጠለቅሁ። ዘመድ ሁሉ ባሏ አሳምኗት ነው ይላል። ውሸት ነው። ለራሴ ቢሆን እስከ ዛሬ በተከራከርኩ። ወደ አንቺ ሊሻገር ነው ብዬ ነው የሄድኩት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ የራሴን አወጣሁ፣ ያንቺን ደበቅሁ። ያን ቀን ያልሽኝን ለአባትሽም ለሐኪሙም ትንፍሽ አላልኩም።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቂዋለሽ፤ ለምን እንደሆነ ግን አታውቂም። ለፈተና ጮክ ብለሽ ስታጠኚ በሩን በርግጄ «ማንን ነው የምታናግሪው?» የምልሽ፣ ስልክ ላይ ስትስቂ «ስጪኝ እስቲ፣ እኔም ሰላም ልበላት» ብዬ የምነጥቅሽ፣ ጠዋት ጠዋት እንቅልፍ ወስዶሽ እንደሆነ ዓይንሽን የምመረምር፣ ለዚሁ ነበር። አንቺ እናቴ አታምነኝም አልሽ። በሃያ ሁለት ዓመትሽ «እብዷ አንቺ ሆነሽ የምትጠብቂው እኔን ነው!» ብለሽኝ ሻንጣሽን አነሳሽ። አልተቀየምኩሽም፤ እውነትሽን ነበር። ያን ሰሞን የታችኛዋ ጎረቤታችን ደረጃው ላይ «ዘር ከልጓም ይስባል» ስትል ሰማኋት። እውነት ብላው ይሁን አይሁን እንኳ የምጠይቀው ሰው ቤት ውስጥ አልነበረም።

ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣትነት ነው ስላለችኝ ዶክተሯ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላሽ ቀን እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ስልክ ደውዬ ግን ያልኩሽ «እንኳን ተወለድሽ፣ እዚያ ብርድ ነው እንዴ?» ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልመለስ። ባውቅ ኖሮ እወልድሽ ነበር ወይ? እፈራ ነበር። ፈርቼም እወልድሽ ነበር። መጀመሪያ ያቀፍኩሽ ቀን ዓይኔን በዓይኔ አየሁ፤ በኋላ የመጣው ሁሉ ያንን ቀን አልነጠቀኝም። ግን ይህ የእኔ መልስ ነው፣ እኔ ደግሞ ያተረፍኩ ነኝ። የእኔ ልጅ ሆኖ ማደግ ምን እንደሚመስል፣ ተወልዶ ያንን ኮሪደር ሲያዳምጡ መዋል ያዋጣ አያዋጣ፣ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔንም ሐኪሙንም ከመጠየቅሽ በፊት ያቺን የስድስት ዓመት ልጅ ጠይቂያት። «ባልወለድ ይሻለኝ ነበር» ካለችሽም አትሸማቀቂ፣ አልቀየምም። ትንሽ ብቀየምም ያልፍልኛል።

አሥረኛው ልጅም ቢሆን ሰው ነው። እኔም እንደ አሥረኛው ታማሚ ነኝ፤ ሠርቻለሁ፣ ስቄያለሁ፣ አግብቼ ወልጃለሁ። ሰውየው ዛሬ ጎረቤት ቤት እንደተከፈተ ራዲዮ ነው፤ መኖሩ ይሰማል፣ የሚለው አይለይም። አንዳንድ ቀን ይለያል። ያን ቀን ለዶክተሯ እነግራታለሁ።

እውነቱን ለመናገር የተቀመጥኩት ልጠይቅሽ ነበር። ያን ቀን በእርግጥ ሰምተሽ ነበር ወይስ አሳዝኜሽ ነው? ጻፍኩት፣ አየሁት፣ አፈርኩ። ያው እኔ ነኝ፤ ዛሬም «ስሚ እስቲ፣ ሰው አለ?» እያልኩሽ ነው። «አልሰማሁም» ብለሽ ብትጽፊልኝም አላምንሽም፤ ያኔ ወደሽኝ ከዋሸሽ አሁንም ወደሽኝ ትዋሺያለሽ። ከዚያ እንደገና እጠይቅሻለሁ፣ እንደገና። ስለዚህ ለእኔ አትመልሺልኝ። ለባልሽ ንገሪው፣ ጥሩ ሰው ነው፣ ጉሮሮውን ይጠርግና ይሰማሻል። ያኔም ይሁን ከዚያ ወዲህ የሰማሽው ነገር ካለ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ንገሪ። ከእኔ ሥራ ግን ከዛሬ ጀምሮ አሰናብቼሻለሁ። ቀድሞም መቀጠር አልነበረብሽም።

ባትወልጂ የልጅ ልጅ ሳላይ ብዬ የማለቅስብሽ እንዳይመስልሽ። ሁለታችሁ ደህና ከሆናችሁልኝ ይበቃኛል። ብትወልጂ ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ልጅሽ ለብቻዋ ስታወራ ከአሻንጉሊቷ ጋር እያወራች ነው። ጥግ ላይ ዝም ስትል ዝም ማለት አምሯት ነው። በሩ ላይ አትቁሚባት፤ ገብተሽ አጠገቧ ተቀመጪ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳዳምጥሽ አደግሽብኝ፣ አልጠገብኩሽም።

ቀንሽን ቀና፣ እንቅልፍሽን የሰላም ያድርግልሽ። እጅሽን የያዘው ሰው አይልቀቅሽ። ክፉ ነገር ደጃፍሽን ይሳተው።

እናትሽ