ትንንሾቹ አልመጡም ያልኩበት ምሽት

ነሐሴ 4፣ አዋሽ

ጆሮዬ ቀጭን ድምፅ መስማት ትቷል። ዛሬ አመንኩ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ከሻይ ቤቷ ባለቤት ከወይዘሮ ዘሃራ ጋር ኩሬው ዳር ተቀመጥን። እንቁራሪቶችን በድምፃቸው ለይተን የምንመዘግብ በጎ ፈቃደኞች እኛ ሁለታችን ነን። አንዳችን የሌላችንን ፊት አይተን እንዳንገምት ጀርባ ለጀርባ እንሆናለን። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ወደ ጅቡቲ የሚወርዱት ከባድ መኪናዎች እስኪያልፉ ጠብቀን አዳመጥን።

«ጉርጦች ብቻ ናቸው፤ ትንንሾቹ እንቁራሪቶች ዘንድሮ አልመጡም» አልኳት። ከልቤ አዝኜ ነበር።

«ኧረ በአላህ፣ መምህር! ጆሮዬን ሊበጥሱት እኮ ነው!» ብላ ሳቀች። ዞራ ፊቴን ስታይ ግን ሳቋን ዋጠችው።

«ከእንግዲህ ሲጮሁ በክርኔ ነካ አደርግዎታለሁ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«እሱማ ያንቺ ጆሮ ነው። ሁለት ሰው ሰማ ተብሎ አይመዘገብም።»

«እንግዲያው ጉርጦቹን እርስዎ ይያዙ፣ ትንንሾቹን ለኔ ይተዉልኝ።»

«አስብበታለሁ» አልኳት። የትንንሾቹ መምጣት ግን ደስ ብሎኛል። አብረን ወደ ቤት ስንመለስ ዘሃራ ደጃፌ ላይ ቆማ እንዲህ አለችኝ፦

«ወላሂ ኩሬው ዳር ብቻዬን አልቀመጥም። ነገ ሻይ ቤቱን ሳልከፍት መጥተው ይቀጥሉ እንደሆነ ቁርጡን ይንገሩኝ።»