ለተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፦ ስለ ቀይዋ መኪናዬና ስለ አሥራ ሁለት ቁጥር መፍቻ

ለክቡር የተሽከርካሪ ምርመራ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ይህ ደብዳቤ በተሟላ ጤንነት፣ በአዲሱ ወንበርዎ ላይ ተደላድለው እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። ወገብዎን ያምዎ እንደነበር ስለማውቅ፣ ወንበሩ ጥሩ መደገፊያ ያለው መሆኑን ስሰማ ከልቤ ደስ ብሎኛል።

እኔ አቤቱታ የማብዛት ልማድ የለኝም። ያስተማሩኝ መምህራን ላጠፋ አንድ አለንጋ፣ ላለቀሰ ደግሞ ሁለተኛ አለንጋ ይሰጡ ስለነበር፣ የደረሰብኝን ዋጥ ማድረግ በልጅነቴ የቀሰምሁት ትምህርት ነው። በዚህም ምክንያት ያችን ባለሁለት በር፣ ባለ ተርቦ የስፖርት መኪና እንደገና ለመሥራት በፈጀሁት አሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የገጠመኝን ሁሉ ያለ አንዲት ቃል ችያለሁ። ሞተሯ ሦስት ጊዜ ወርዶ ሦስት ጊዜ ሲገጠም አላማረርሁም። ተርቦው፣ ያ በጭሱ ግፊት እየተሽከረከረ ለሞተሩ አየር የሚያጎርሰው ቀንድ አውጣ መሳይ ዕቃ፣ ከባሕር ማዶ ታዝዞ አሥራ አራት ወር ካስጠበቀን በኋላ የሌላ ሞዴል ሆኖ ሲገኝ አልጮኽሁም፤ መልሼ አሽጌ ላክሁትና ሌላ ዘጠኝ ወር ጠበቅሁ። ካምቢዮ ሠሪው፣ "ነገ ጠዋት" የሚል ቅጽል ስም ያወጣንለት ሰው፣ የመኪናዬን ካምቢዮ በታትኖ ሁለት ዓመት ሙሉ በሳፋ ውስጥ ሲያስቀምጠው፣ በየሳምንቱ ሄጄ ሳፋውን ጎብኝቼ ከመመለስ በቀር ክፉ አልተናገርሁም። ቀለም ቀቢው የግራውን በር ከቀኙ አድምቆ ቀብቶ "ፀሐይ ሲመታው ይመሳሰላል" ሲለኝ፣ ፀሐይ እስኪመታው አንድ ዓመት ታገሥሁ። አልተመሳሰለም። የራዲያተር ፍል ውኃ ክንዴን ልጦታል፤ ባለቤቴም የእንግዳ ትሪዎቿን በቡሎን ሞልቼ ባገኘቻቸው ዕለት "ምነው አልጋውንም ጋራዥ አታወጣውም?" ብላኝ፣ ለሦስት ቀን ያህል ሐሳቡ ከቁም ነገር ተቆጥሮ ነበር።

ይህ ሁሉ ትዕግሥት ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ዓይኔ ጨርሶ ሳይደክም፣ መንጃ ፈቃዴም ሳያበቃ፣ ያችን መኪና በገዛ እጄ ከጋራዥ አውጥቼ ረጅሙን መንገድ አንድ ጊዜ ልነዳት።

ዝርዝሩን የጻፍሁት ለሌሎች አንባብያን እንጂ ለእርስዎ አይደለም። እርስዎማ በዚያን ጊዜ የጽሕፈት ቤቱ ተራ መርማሪ፣ የአጥር ጎረቤቴ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር እጅጌዎን ጠቅልለው ከሞተሩ ወዲያ ማዶ የሚቆሙ፣ "ጋሼ" የሚሉኝና እኔም "አንተ" የምልዎ ታናሽ ወንድሜ ነበሩ። ዛሬ "እርስዎ" እያልሁ የምጽፍልዎ ስለተሾሙ ብቻ እንዳይመስልዎ። የማላውቀውን ሰው አንቱ ማለት ተምሬ ስላደግሁ ነው።

እንግዲህ ቅሬታዬን እንደ ሥርዓቱ በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ. ባለፈው ሳምንት በፊርማዎ የደረሰኝ ደብዳቤ "ግለሰቡ ያለ ጽሕፈት ቤቱ ዕውቅና የተሽከርካሪውን ሞተር የቀየሩ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ተሽከርካሪው ለአንድ ዓመት ከመንገድ የታገደ መሆኑን እናስታውቃለን" ይላል። ግለሰቡ እኔ ነኝ። ልጆችዎ "አባባ" እያሉ ጉልበቴ ላይ ያደጉ ስለሆነ ማንነቴ ተምታቶብኝ ነበርና፣ በአንድ መስመር ስላስታወሱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። "ስለተረጋገጠ" የምትለዋንም ቃል ወድጃታለሁ። ሞተሩ ሲቀየር በወዲያኛው በኩል ሰንሰለቱን ይስብ የነበረው ሰው ማን እንደሆነ ግን ደብዳቤው ሳይገልጽ አልፏል፤ ምናልባት ቦታ ጠቦት ይሆናል።

፪ኛ. የዛሬ አምስት ዓመት የቀድሞው ሞተር ተሰንጥቆ ሌላ በገጠምንበት ቀን፣ እኔ እጄን ታጥቤ፣ የመኪናዋን ሊብሬ ይዤ፣ ለውጡን ላስመዘግብ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ልሄድ ተነሥቼ እንደነበር ያስታውሳሉ። በር ላይ ቆመው "ጋሼ ደግሞ! እኔ እያለሁልዎ ምን ያስሮጥዎታል? አሁን ካስመዘገቡ ለእያንዳንዱ ቡሎን ሲጠሩዎ ሊኖሩ ነው። ስታልቅ አንድ ጊዜ እኔው ራሴ እጽፈዋለሁ" አሉኝ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከወረቀት ይልቅ የሰው ቃል አመንሁ። ከምርመራው ሦስት ሳምንት በፊት፣ አዲስ በተሾሙበት ቢሮ መጥቼ ጉዳዩን ባነሣ፣ "በምርመራው ቀን እዚያው እንጨርሰዋለን" ብለው እስከ ደረጃው ሸኙኝ። ስለ ሸኙኝ አመሰግናለሁ።

ደንቡን አልቃወምም። ሞተር የቀየረ በሠላሳ ቀን ውስጥ ያስመዝግብ ማለቱ ትክክል ነው። ዘግይቶም ቢሆን በራሱ ፈቃድ ያመለከተ ሰው ተቀጥቶ እንደሚመዘገብለት፣ በምርመራ የተደረሰበት ግን ለአንድ ዓመት እንደሚታገድ ደንቡ በግልጽ ይናገራል። እኔ ይህን ያነበብሁት ከታገድሁ በኋላ ነው። እርስዎ ግን የደንቡን መጽሐፍ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጠው "እዚያው እንጨርሰዋለን" ሲሉኝ፣ ከሁለቱ የትኛው እንደሚደርስብኝ ያውቁ ነበር።

፫ኛ. የምርመራው ዕለት። ፍሬኗ ተፈተሸ፣ አለፈች። መብራቷ፣ ጭሷ፣ መሪዋ ተፈተሸ፣ አለፈች። በግቢው ውስጥ ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮች ሁሉ ከበዋት፣ አንዱ "ፋዘር፣ ይቺ እኮ ቆማም ትሮጣለች!" ብሎ አስቆን ነበር። መርማሪው ያን ጊዜ ከኪሱ አሥራ ሁለት ቁጥር መፍቻ አወጣ። ሳጥን አልከፈተም፤ ቁጥር አልመረጠም፤ ልኩን አንዱን መፍቻ ብቻ ይዞ በቀጥታ ወደ ተርቦው ሄደና፣ ሙቀቱ ሽቦዎቹን እንዳያቀልጥ የተጋረደችውን ላሜራ ሦስት ቡሎኖች ፈታ። ከሥሯ በሊብሬው ላይ ካለው የተለየው የሞተሩ ቁጥር ብቅ አለ።

ክቡር ሆይ፣ ያች ላሜራ ከፋብሪካ የወጣች አይደለችም። ቆርጠው፣ አጥፈው፣ ጠርዟን በሞረድ አለስልሰው የገጠሟት እርስዎ ነዎት። ቁጥሩ ከሥሯ መሆኑን፣ ቡሎኖቹም አሥራ ሁለት ቁጥር መሆናቸውን በዚህ ምድር ላይ የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን፤ እኔ ደግሞ ለማንም አልተናገርሁም። ቀና ብዬ ወደ ፎቁ ባይ የቢሮዎ መጋረጃ ተንቀሳቀሰ። ነፋስ ነው እንዳልል መስኮቱ ዝግ ነበር። መርማሪው "አባቴ፣ መኪናዋስ እንከን የላትም፤ እኔ የታዘዝሁትን ነው" ብሎ መፍቻዋን የሰረቃት ይመስል ወደ ኪሱ ከተታት። እባክዎ አይቀየሙት፤ በዚያ ግቢ ውስጥ ያፈረ ሰው እርሱ ብቻ ነው።

፬ኛ. መንጃ ፈቃዴ የሚያበቃው በዚህ ዓመት መጨረሻ ነው፤ ዓይኔ ደክሟልና አይታደስም። እገዳው የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የዓይን ሐኪሙ ሲነግረኝ አጠገቤ ተቀምጠው የሰሙት እርስዎ ስለሆኑ፣ ስሌቱን አልደግምልዎም።

፭ኛ. ከምርመራው ቀን ወዲህ በአጥሩ በኩል ባየሁዎ ቁጥር ስልክዎን ጆሮዎ ላይ ለጥፈው "እሺ፣ እሺ" እያሉ ያልፋሉ። ትናንት ግን ጆሮዎ ላይ እንዳለ ጠራ። ሁለታችንም ሰማነው።

ቅሬታዬ ይኸው ነው። ለምን እንዳደረጉት ለመረዳት ብዙ አልደከምሁም። በተሾሙ በአራተኛው ወር "የወዳጁን መኪና አሳለፈ" እንዳይባሉ ፈርተዋል፤ ፍርሃቱን አልነቅፍም። አንድ ቅዳሜ ብቻ በሩን አንኳኩተው "ጋሼ፣ አልችልልዎም፤ ሰው ያየኛል፤ ራስዎ ሄደው ያመልክቱ" ቢሉኝ፣ በማግሥቱ ማመልከቻዬን ይዤ፣ ቅጣቴን ተቀብዬ፣ ስምዎን ሳላነሣ እመለስ ነበር። እርስዎም ንጹሕ፣ እኔም መሪዬን የጨበጥሁ እንሆን ነበር። ለዚህ የሚያስፈልገው የአንድ ደቂቃ ድፍረት ነበር። እርስዎ ግን እኔን አሳልፈው ሰጥተው ንጽሕናዎን ማሳየት መረጡ፤ እነሆ ታየልዎ። ሠራተኞችዎ በኮሪደሩ ውስጥ እያመሰገኑዎ መሆኑን ሰምቻለሁ፤ እኔም በዚህ ደብዳቤ ከምስጋናው እካፈላለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ካምቢዮ ሠሪው፣ ቀለም ቀቢው፣ ባሕር ማዶ ያለው ነጋዴ ሁሉ አሞኝተውኛል፤ ከእነርሱ አንዱም ግን ጋሼ እያለ አብሮኝ አልበላም።

እገዳው እንዲነሣልኝ አልጠይቅም። ይግባኝም አልልም። ጥፋቱን ሠርቻለሁ፤ የሰው ቃል አምኛለሁ።

ሥልጣንዎ እንዲሰነብት፣ መጋረጃዎ እንዲወፍር፣ ስልክዎም በሚፈለግበት ሰዓት እንዲጠራ እየተመኘሁ፣ ከጥልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ግለሰቡ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ስለ ንብረቱ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ እንዳይቸገር፣ የወሰንሁትን በግልጽ አስታውቃለሁ። መኪናዋን የከተማ አውቶቡስ ለምትነዳው ልጄ አስተላልፌያለሁ። የዝውውሩ ማመልከቻ በዚህ ሳምንት እርስዎው ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል፤ ሞተሩ መቀየሩን፣ ከነቁጥሩና ከተቀየረበት ቀን ጋር፣ በመጀመሪያው መስመር ላይ ጽፋዋለች። ዓመቱ ሲሞላ እርሷ ትነዳታለች፤ እኔ ከጎኗ እቀመጣለሁ። የጋራዡን መሣሪያዎች በሙሉ ለሙያ ትምህርት ቤቱ ሰጥቻለሁ። ጋራዤ ውስጥ ምስማር ላይ የተውትን የሥራ ቱታዎን ባለቤቴ አጥባ፣ ተኩሳ፣ የተቀደደ ክርኑን ጠቅማ በር ላይ ላለው ዘበኛዎ አስረክባለች። እርሱ የእርስዎ ነው። ከዚያ ሌላ በእኔ ዘንድ የእርስዎ የሆነ ምንም ነገር አልቀረም።