ማን ሞቶ ነው ድንኳን የሚወጣው?

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ሽሮም በርበሬም ተሸጠልኝ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ከገበያ አባረረን። ሸራዬን ጠቅልዬ ሳልጨርስ ድንብላሉ ራሰ። ነገ ፀሐይ ከወጣች አሰጣዋለሁ።

ቤት ስደርስ ሁለት ሰዎች ወንዙ ዳር ቆመው በስልክ ፎቶ ያነሳሉ። አንደኛው አጥሬን አነሳ። ምን ፈልጋችሁ ነው? አልኩት። "ጎርፍ የሚመጣበትን ነው የምናየው፣ እናቴ።" የምን ጎርፍ? ወንዙ ገና ጉልበት አልደረሰም። ሲሄዱ ዞር ብለው ቤቴን አዩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል... እኔ እንደሆነ ጠርጥሬያለሁ።

ነሐሴ 3

የቀበሌው ሠራተኛ ኣንዶም ድምፅ ማጉያ ይዞ መጣ። ከላይ ያለችው ግድብ ሞልታለች፣ ከባድ ዝናብ እየመጣ ነው፣ ወንዝ ዳር ያላችሁ ለሦስት ቀን ውጡ፣ ትምህርት ቤቱ ግቡ... ለሦስት ቀን!

ትምህርት ቤቱ ውስጥ ያሉት ተፈናቃዮችስ? እነሱም ሲገቡ ለጥቂት ቀን ነው ተብለው ነበር። ልጆቻቸው እዚያው ጥርስ አብቅለው እዚያው ጥርስ ነቀሉ።

ቤቴ ካርታ የለውም። ከወሎ የመጣን ጊዜ እኔና ይማም፣ አላህ ይዘንለት፣ ድንጋዩን ከዚሁ ወንዝ እያወጣን የሠራነው ነው። ካርታ የሌለው ቤት ምስክሩ ውስጡ የተቀመጠው ሰው ነው። ሴትዮዋ ከተነሳች... እዚህ ማን ነበር? ማንም አልነበረም። አለቀ።

ፊርዶስ ከፋብሪካ ስትገባ ፊቷ ተለዋውጧል። "እማ፣ ኃይለኛ ዝናብ ነው የሚሉት። ስልክ ላይ ተለቋል።" ስልክ ላይ ያልተለቀቀ ምን አለ አልኳት። ልጄ ሁሉን ታምናለች። በአባቷ ወጥታ ነው።

ነሐሴ 4

ላስቲክ ልገዛ ሄድኩ። አልቋል አለኝ ባለሱቁ፤ ትናንት ግን ተደርድሮ አይቼዋለሁ። ጥግ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። አንዱ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ይዞ ወጣ። በስንት ገዝቶ ይሆን?

ባጃጆቹ ቆመዋል። ቤንዚን የለም። አንዱ "ለአንቺ ብዬ" ብሎ የጠራው ሒሳብ ከዚህ እስከ ኮምቦልቻ ያደርሰኛል። ቧንቧውም ደርቋል። በዓይናለም መንገድ በኩል የመጣ ባለጋሪ ውሃ ይሸጣል፣ ሰልፉ ግን እስከ መስጊዱ ድረስ ነው። ሰማዩ ውሃ አዝሎ እኛ ለውሃ ተሰልፈናል።

ሴቶቹ ሰልፉ ላይ የሚያወሩት ስለ እድሩ ድንኳን ነው። ትምህርት ቤቱ ክፍሎቹ ሞልተው ሰው ሜዳ ላይ ነው አሉ፤ የእኛ ትልቁ ድንኳን ደግሞ መጋዘን ተቀምጧል። ምን ይደረግ? ደንቡ ደንብ ነው። ሰው ካልሞተ ድንኳን አይወጣም። ሙት ሳይኖር ድንኳን መትከልስ ሞትን መጥራት አይደል? በይማም ለቅሶ ጊዜ ያችን ድንኳን የተከሉልኝ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይሉ ነው። ማንም እንዲቀልድባት አልፈልግም።

መጋዘኑ ከእኔ ቤት በላይ፣ ውሃው በሚመጣበት በኩል፣ ወንዙ ዳር ላይ ነው። ቁልፉ ጎረቤቴ ረዳኢ ጋ ነው።

ነሐሴ 5

ረዳኢ ጠዋት በሬን አንኳኳ። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ የፊርዶስ እናት እያለ ነው የሚጠራኝ። "ኣደ ፊርዶስ፣ ጋሪ አግኝቻለሁ። ዕቃሽን ስጪኝ፣ ከእናቴ ዕቃ ጋር ላድርስልሽ። በጃኺ፣ እባክሽ።"

አልሰጥም አልኩት። ግንበኛ ነው፣ ሥራ ከፈታ ከርሟል፤ ዛሬ ከየት የመጣ ደግነት ነው? በጦርነቱ ጊዜ ስፌት መኪናዬን ለአንዷ አደራ ሰጥቼ ነበር። ስመለስ "የምን መኪና?" አለችኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ምን አየሁ? ረዳኢ ድንኳኑን ጋሪ ላይ ጭኖ! ከላይ እናቱን አደይ ለተመድህንን አስቀምጧል፤ ሰው እንዳይጠይቀው መሆኑ ነው። ነጠላዬን ሳልደርብ ወጣሁ።

"ማን ሞቶ ነው ድንኳን የሚወጣው?"

"ማንም እንዳይሞት ነው፣ ኣደ ፊርዶስ። ሰው ሜዳ ላይ ነው። መጋዘኑንም ውሃ ይወስደዋል።"

"ማንን አስፈቅደህ?"

"የእድሩ ዳኛ ዓዲ፣ አገር ቤት ሄዷል፣ ስልኩ አይሠራም..."

አይሠራማ! ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ሰው ተሰበሰበ። "ሊሸጠው ነው" ያለው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ አላልኩም። ግን አላስቆምኩትም። ላስቲክ በጠፋበት ሰሞን ድንኳን ስንት ያወጣል?

አደይ ለተመድህን ከላይ ሆነው "ኣውርዱኒ" አሉ። "ድንኳንስ የሬሳ ነው፣ እኔ ገና ኣለሁ።" ሰው ሳቀ። ወረዱና በምርኩዛቸው ቀስ እያሉ ዳገቱን ያዙ። ጋሪው ዞረ፣ ድንኳኑ ተመለሰ። መጋዘኑ ላይ የራሴን ቁልፍ ደረብኩበት። ረዳኢም የእሱን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረው። አልተከራከረም።

ንጹሕ ሰው ቢሆን አይከራከርም ነበር?

ነሐሴ 6

ፊርዶስ ሄደች። "እማ፣ ቤቱ ነው የሚበልጥብሽ ወይስ እኔ?" ቤቱስ ለማን ሆነና ነው? አልኳት። በሩን በኃይል እንኳ አልዘጋችውም... ቀስ ብላ ዘግታው ነው የወጣችው። በኃይል ብትዘጋው ይሻል ነበር።

መንደሩ ባዶ ነው። ኣንዶም መጥቶ "ብቻሽን ነሽ እንዴ?" አለኝ። ብቻዬን መሆኔ ለምን ይጠቅመዋል? ወንድሜ ውስጥ ተኝቷል አልኩት። ወንድም የለኝም።

ነሐሴ 7

ዝናብ። ዝናብ ብቻ። ቁልፎቹ መቀነቴ ውስጥ ናቸው።

ነሐሴ 8

ከሰዓት በኋላ ነው። መጀመሪያ ድምፁን ሰማሁ፤ ድንጋይ የጫነ መኪና መስሎኝ ቤቱን ሊያፈርሱ መጡ ብዬ በሩን ደግፌ ቆምኩ። ውሃ ነው። በበሩ ሥር ገባ፣ ጉልበቴ ደረሰ። አልጋው ላይ ወጣሁ። የማውቀውን ዱዓ ሁሉ አልኩ፣ የማላውቀውንም።

በመስኮት አየሁ። የመጋዘኑ ግድግዳ ዘንበል አለ፣ ከዚያ የለም። የእድሩ ብረት ድስቶች እየተንሳፈፉ አለፉ። ድንኳኑ ውሃው ላይ ተዘርግቶ መጣ፣ የእኔ ባሕር ዛፍ ላይ ትንሽ ተያዘ። ልደርስበት እችል ነበር? አልችልም። ከዚያ ሄደ። የረዳኢም ቤት ጓሮው ተገምሶ ጣሪያው ወረደ።

የእኔ ቤት ቆሟል። አልሐምዱሊላህ ልል አፌን ከፈትኩ... አልወጣ አለኝ።

ነሐሴ 9

ትምህርት ቤቱ ወጣሁ። ሰው በር ነቅሎ ተጠልሏል፣ በጃንጥላ ሥር አምስት ሆኖ ተቀምጧል። ዝናቡ አላባራም። ፊርዶስ ሳታየኝ በፊት እኔ አየኋት፤ የአደይ ለተመድህንን እግር ታሻለች። ያስላሉ። የረዳኢ ጃኬት በላያቸው ላይ ነው፤ እሱም ረጥቧል።

"የት ሊተክለው ነበር?" አልኳት። ማን፣ ምን ሳልል ገባት። እጄን ይዛ ከክፍሎቹ ጀርባ ወሰደችኝ። መሬቱ ተደልድሏል። ዙሪያውን ውሃ ማውረጃ ቦይ ተቆፍሯል። ካስማዎቹ ተተክለው አልቀዋል። አሁን የእናቶች እርጥብ ልብስ ተሰቅሎባቸዋል።

ሊሸጥ የነበረ ሰው ካስማ አይተክልም።

"ስለ እኔ ምን ይላል?"

"ምንም።"

"ምንም?"

"አንስቶሽም አያውቅ፣ እማ።"

ቢሰድበኝ ምን ነበረበት... አፈርኩ። ሄጄ ላናግረው ፈለግኩ፣ ግን አልሄድኩም። ውሃዬን ሰጥቻቸው ተመለስኩ። አሁንም ቤቱን ልጠብቅ! ከማን ነው የምጠብቀው?

ነሐሴ 11

አደይ ለተመድህን ዐረፉ።

ጠዋት ትንፋሽ አጠራቸው። ሐኪም ቤት የሚያደርስ ባጃጅ ተፈለገ፤ ቤንዚን ያለው የለም። በቃሬዛ ተሸክመዋቸው ሲሄዱ መንገድ ላይ... ፊርዶስ ናት በስልክ የነገረችኝ። እያለቀሰች ነው፤ አንድም ጊዜ አልወቀሰችኝም።

ያን ቀን በሰው ፊት የጮህኩት እኔ ነኝ። ሳንባ ምች ነው ይላሉ። እርጅና ነው ይላሉ። እኔ የማውቀውን አውቃለሁ። ከጋሪው ያወረድኳቸው እኔ ነኝ።

ነሐሴ 12

የምጽፈው ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ነው። ውስጥ ቦታ የለም።

ቀብሩ ጠዋት ተፈጸመ። ከቀብር ሲመለሱ ለቅሶ መቀመጫ ጠፋ። ድንኳን የለ፣ አግዳሚ የለ፣ ድስት የለ። ሰው ትምህርት ቤቱ ግቢ ቆሞ ቀረ። ዝናቡ እንደገና ማንጠባጠብ ጀመረ። ረዳኢ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ጃኬቱን አልለበሰውም፣ ጉልበቱ ላይ አጥፎ ይዞታል።

ፊቱ ሄጄ ቆምኩ። መንገዱን ሁሉ ያጠናሁት ነገር ነበረ። ጠፋኝ። "ጽንዓት ይሃብካ"፣ ጽናቱን ይስጥህ፣ ብቻ አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ።

"ቤቴ ኑ" አልኩት። "ለቅሶው እኔ ቤት ይሁን። ጭቃውን ጠርጌያለሁ።"

ፊርዶስ ከኋላዬ ቆማለች፣ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ኣንዶምም አለ፣ ሰውም ሁሉ ይሰማል። ረዳኢ ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ ፈለግኩበት፣ አጣሁት። ድካም ብቻ ነው።

"ብዙ ነን፣ ኣደ ፊርዶስ። ከለቅሶው በኋላ የምንሄድበት ቤት የለንም። ገብተን ብንቀርስ?"

"ቅሩ" አልኩት።