እንግዶቹ እስኪሄዱ

ዲሴምበር 9
«እንግዶቹ ሳይሄዱ አልታመምም።»
ባልቴቷ ቢ ቱማ ናቸው፤ ዓሣ ገበያ ላይ ለጎረቤታቸው ሲናገሩ ሰማኋቸው። አስተዋይ ሴት። ሁሉም እንደሳቸው ቢያቅድ የኔ የነርስነት ሥራ እንዴት በቀለለ! ሆቴሎቹ በቱሪስት ሞልተዋል። ሲሞሉ እንደየዓመቱ ከሞምባሳ ዶክተር ይላክልናል። የዘንድሮው ኦዴራ ይባላል። ከመጣ ጀምሮ ሙቀቱን ይራገማል።

ዲሴምበር 21
የሆስፒታሉ አግዳሚ ላይ እንግዳ ብቻ። ፀሐይ የጠበሰው፣ ከሞተር ሳይክል የወደቀ፣ እሾኻሙ የባሕር ጃርት እግሩን የወጋው... አንዱ «ልሞት ነው?» አለኝ። ትንኝ ነክሳው ነው። አትሞትም አልኩት። ቅር ያለው መሰለኝ።

ዲሴምበር 27
ቢ ቱማ መጡ። ስኳር አለባቸው፤ የእግር ጣታቸው ቆስሏል። ተራቸው ሲደርስ ጃርት ለወጋት ጣሊያናዊት ለቀቁ። ቀጥሎ ለባሏ።
«ይግቡ እንጂ፣ ቢ ቱማ!»
«እንግዳ ቆሞ? እናቴ እንዲህ አላሳደገችኝም።»
«እግርዎ ይቆረጣል እኮ!»
«ሟርተኛ!»
ሄዱ። መንደሩ በሙሉ እንዲሁ ነው። በጨዋነት መሞት... ይሄ ምን የሚሉት በሽታ ነው? መጻሕፍቴ ውስጥ አጣሁት።

ዲሴምበር 28
ንጋላን ጀልባው ላይ አገኘሁት። እንግዶቹን ባሕር የሚያዞረው እሱ ነው።
«አባትህን ጃርት ሲወጋው ሆስፒታል ይሄድ ነበር?»
«ምን ሊያደርግ? ጥሬ ፓፓያ ቆርጦ ወተቱን ያንጠባጥብበታል።»
«ታዲያ እነዚህን ለምን ወደኔ ትልካቸዋለህ?»
«ለነሱ ፓፓያ ቁርስ ብቻ መስሎኝ።»

ጃንዋሪ 4
ባሕሩ ዳር አንድ ጥላ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ጥሬ ፓፓያ፣ ንጋላ። እንግዶቹ ተሰልፈው ይታከማሉ፤ ፎቶም ይነሳሉ። የኛ አግዳሚ ግማሹ ባዶ።

ጃንዋሪ 6
ቢ ቱማን ከቤታቸው አመጣኋቸው። ተራ የሚለቁለት እንግዳ በዓይናቸው ፈለጉ። አጡ። ገቡ። ትንሿ ጣት ሄደች፤ እግሩ ተረፈ። ሳምንት ቢቆዩ ኖሮስ? ተወው...
ሲወጡ፦ «ዶክተሩ ጨዋ ነው። ግን ከሳ። ሚስት የለውም?»

ኤፕሪል 2
የመጨረሻው ሆቴል ለዝናቡ ወራት ከትናንት ወዲያ ተዘጋ። ዛሬ ጠዋት ቢ ቱማ ያለ ምርኩዝ፣ በሁለት እግራቸው መጡ። ከኋላቸው ግማሹ መንደር። ወገብ፣ ዓይን፣ ከገና በፊት የጀመረ እብጠት...
«ሁሉንም አመጣኋቸው፣ ልጄ። እንግዶቹ ሄዱ፤ አሁን ተራው የኛ ነው!»
አግዳሚው አልበቃ አለ። በወረፋ ተጨቃጨቁ፤ ማንም ለማንም አልለቀቀም። እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።
ኦዴራ የተመደበው ለእንግዶቹ ወቅት ነበር። ትናንት ወደ ሞምባሳ ተመለሰ።